ለእንግዳ ሲባል ቤተ ሰብ አይወጣም

በአገራችን ልማድ መንገደኛ ሲመሽበት ከማያውቀው ሰው ደጃፍ ቆሞ «ቤት ለእንግዳ» ይላል። ባለቤቱም «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ ያስገባዋል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። እግሩ ይታጠባል፤ መደቡ ይለቀቅለታል፤ ለልጆች ተብሎ የቀረው ወጥ ለእርሱ ይቀርባል፤ አባወራው ራሱ መሬት ላይ አጎዛ አንጥፎ ያድራል። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን አንድ የማይደረግ ነገር አለ። ቤቱ በእንግዳው ዓይን እንዲያምር ተብሎ አሮጊቷ እናት ከቤት አትወጣም፤ ልብሱ ያደፈው ልጅም ከአጥር ውጭ አይባረርም። እንዲህ ያደረገ ሰው ቢገኝ እንግዳ ተቀባይ ሳይሆን ነውረኛ ይባል ነበር። እንግዳን የሚቀበለው ቤተ ሰቡ ነው እንጂ ግድግዳው አይደለምና።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ የአራዳ ነገር ነው። የምኖረው አምስት ኪሎ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጧት ጧት ከቤቴ ተነሥቼ ብሔራዊ ሙዚየሙን አልፌ ወደ አራት ኪሎ እወርዳለሁ፤ ከዚያም የራስ መኮንንን ድልድይ ተሻግሬ ፒያሳ እደርስና እስከ ጊዮርጊስ ሄጄ እመለሳለሁ። መንገዱን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ድሮ ሳልፍበት በየአሥር እርምጃው ቆሞ ሰላምታ መስጠት ግድ ስለ ነበረ፣ የግማሽ ሰዓቱ መንገድ አንድ ሰዓት ይፈጅብኝ ነበር። ዛሬ ግን ባርኔጣዬን አንድ ጊዜ እንኳ ሳላነሣ ደርሼ የምመለስበት ቀን ብዙ ነው። መንገዱ ከድሮው ይልቅ ሰፊና ንጹሕ ሆኗል፤ መብራቱም ሌሊቱን ሙሉ ያበራል። ስለዚህ መንገዱን አላማም። የምጠይቀው፣ መንገዱ እንዲህ ሲያምር ሰላምታው ወዴት ሄደ ብዬ ነው።

አራዳ ምን እንደ ነበረ ለማያውቀው ወጣት ባጭሩ ላስታውሰው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ትልቁ ገበያዋ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ቆመ። እህሉና ቅቤው፣ ቡናውና ማሩ፣ ጨርቁና በቅሎው የሚሸጠው በዚያ ነበር። በገበያው ዙሪያ የአርመን፣ የግሪክ፣ የሕንድና የዓረብ ነጋዴዎች ሱቅ ከፈቱ፤ የእጅ ጥበብ ያላቸው ሰዎችም ሠራተኛ ሠፈር በተባለው ቦታ ሰፈሩ። እቴጌ ጣይቱ በ1898 ዓ.ም. ገደማ ሆቴላቸውን ያቆሙት በዚሁ አካባቢ ነው። የዐድዋን ድል የሚያስታውሰው ባለ ስምንት ማዕዘኑ የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በ1903 ዓ.ም. ገደማ ተፈጸመ፤ ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚያው ነው። በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው ሀገር ፍቅርም ቴያትር ቤቱ እስከ ዛሬ በዚህ ይገኛል። ከዚህ ሁሉ የተነሣ «አራዳ» የሚለው ቃል የቦታ ስም መሆኑ ቀርቶ የሰው ጠባይ መጠሪያ ሆነ። ነገር የገባው፣ ከሁሉ ጋር ተግባብቶ የሚያድር፣ በቀላሉ የማይታለል ሰው «አራዳ» ይባላል። የቦታው ስም የጠባይ ስም ሊሆን የበቃው ብዙ ዓይነት ሰው በጠባብ ስፍራ ተጨናንቆ፣ እርስ በርሱ እየተማማረ በመኖሩ ነው።

ጣይቱ ሆቴልን ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ሆቴሉ ሲከፈት ምግብ በገንዘብ መሸጥ በሕዝቡ ዘንድ እንደ ነውር ይቈጠር እንደ ነበር ይነገራል። እንግዳ ይበላል እንጂ ይከፍላል ተብሎ አይታሰብም ነበርና። ይሁን እንጂ እቴጌይቱ ከውጭ አገር የሚመጣው ሰው ማደሪያ እንደሚያስፈልገው ተረድተው ሆቴሉን ሠሩ። ያን ጊዜ ቱሪዝም የሚባል ቃል በአገራችን አልተሰማም፤ ሥራው ግን ተጀምሮ ነበር። ልብ ማለት የሚገባን ሆቴሉ የቆመው በገበያተኛው መካከል መሆኑን ነው። እንግዳው በመስኮት ሲመለከት የሚያየው ሕዝቡን ነበር።

አራዳ ሲናወጥ ያሁኑ የመጀመሪያው አይደለም። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የፋሺስት ጦር ጥቁሩን ከነጩ ለመለየት በነበረው አሳብ ገበያውን ከአራዳ አንሥቶ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ አዛወረው፤ አራዳንም በራሱ ቋንቋ ፒያሳ አለው። የዳግማዊ ምኒልክን ሐውልት ከቦታው ነቀለ፤ በ1929 ዓ.ም. የጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን አቃጠለ። ጠላት ሲወጣ ሐውልቱ ተመልሶ ቆመ፤ ቤተ ክርስቲያኑም ታደሰ። ገበያው ግን ሄዶ ቀረ፤ ስሙም ፒያሳ እንደ ሆነ ቀረ። ከዚህ የምንማረው የነቀሉትን ሐውልት መልሶ መትከል ቀላል ሲሆን፣ የበተኑትን ገበያ መልሶ መሰብሰብ ግን የማይቻል መሆኑን ነው።

ሁለተኛው መናወጥ ድምፅ አልነበረውም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። የወር ኪራያቸው እስከ መቶ ብር የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ኪራዩም ተቀነሰ። በዚህ ምክንያት ብዙ ድሀ ሰው በከተማው መካከል ጣራ አገኘ፤ ይህን የሚክድ ሰው ፍርደ ገምድል ነው። ነገር ግን የተሰበሰበው ኪራይ ቆርቆሮ ለመለወጥ እንኳ አይበቃም ነበር። ተከራዩ ቤቱ የእኔ አይደለም ብሎ አያድሰውም፤ ላድስ ቢልም ፈቃዱ ብዙ ደጅ ያስጠናዋል። ቀበሌውም ገንዘብ የለኝም ይላል። ማንም የእኔ የማይለው ቤት ደግሞ ከውስጡ ይበሰብሳል። የነጋዴው ሰፊ አዳራሽ በኮምፔርሳቶ ተከፋፍሎ ለአራትና ለአምስት ቤተ ሰብ ማደሪያ ሆነ፤ ባለ ሰገነቱ እንጨት ቤት ዘመመ፤ ለብዙ አባወራ አንድ መጸዳጃ ቤት ቀረ። እንግዲህ ዛሬ «ያረጀና የተጐሳቈለ» ብለን ያፈረስነው ሠፈር ከተፈጥሮው የተጐሳቈለ አልነበረም። አርባና ሃምሳ ዓመት ሙሉ ጥገና ስለ ነፈግነው ተጐሳቈለ እንጂ።

ሦስተኛው በእኛው ዘመን የሆነው ነው። በ2005 ዓ.ም. ለከተማው ባቡር ሥራ ሲባል የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ተነሣ፤ በ2008 ዓ.ም. ተመለሰ። በጥር 2007 ዓ.ም. ጣይቱ ሆቴል በእሳት ተጎዳ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ትልቁ የዐድዋ ድል መታሰቢያ በፒያሳ ተመረቀ። በዚያው ዓመት መጋቢት ግድም የኮሪደር ልማት በተባለው ሥራ ዶሮ ማነቂያና በዙሪያው ያሉ ብዙ ቤቶችና ሱቆች ፈረሱ፤ ነዋሪዎቹም አብዛኞቹ ወደ ከተማው ዳርቻ ተዛወሩ። የሥራው ዓላማ ከተማይቱን ለነዋሪዋ ምቹ፣ ለጐብኚም ማራኪ ማድረግ መሆኑ ተነግሯል።

መልካሙን መልካም ማለት ይገባል። ዛሬ ሽማግሌ ሰው በእግረኛ መንገድ ላይ ጉድጓድ ሳይፈራ ይሄዳል። ልጆች ማታ ማታ በመብራት ሥር ብስክሌት ይነዳሉ። የዐድዋ መታሰቢያ የሚገባውን ስፍራ አግኝቷል። በ2012 ዓ.ም. የተከፈተው የአንድነት ፓርክም ለብዙ ዘመን ተዘግቶ የኖረውን የምኒልክን ግቢ ተራው ሰው ገብቶ እንዲያየው አድርጓል። ያ ግቢ ታደሰ እንጂ አልፈረሰም፤ መታደስ የሚቻል መሆኑንም አስተምሮናል። ስለዚህ እኔ የልማት ጠላት አይደለሁም። የጭቃ ቤት በክረምት ምን እንደሚመስል የማያውቅ ሰው ብቻ ነው ስለ ጭቃ ቤት ግጥም የሚገጥመው።

አሁን ስለ ሌላው ከመፍረዴ በፊት በራሴ ላይ ልፍረድ። ያደግሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው፤ በኋላም መምህር ሆኜ በዚሁ አካባቢ ብዙ ዘመን አስተማርሁ። ወጣት መምህር ሳለሁ ካስተማሩኝ ሰዎች አንዱ፣ ወደ አገራቸው ተመልሰው የነበሩ ሽማግሌ፣ ለጥየቃ መጡና ከተማውን እንዳሳያቸው ለመኑኝ። ጊዮርጊስን፣ የምኒልክን ሐውልት፣ ጣይቱ ሆቴልን አሳየኋቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው ስናልፍ ግን በዶሮ ማነቂያ በኩል አቋራጭ መኖሩን እያወቅሁ ሆን ብዬ በረዥሙ መንገድ አዞርኋቸው። የሚያፈሰውን ጣራና በመተላለፊያው መካከል የሚወርደውን እጣቢ እንዲያዩብኝ አልፈለግሁም። ሽማግሌው ደክሟቸው ነበርና ቆም አሉ። ከዚያም «ተማሪዎችህ የሚኖሩት የት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም እጄን ወደ ሩቅ ዘርግቼ «ወደዚያ ነው» አልኋቸው። ልጆቹ የሚኖሩት ግን ከቆምንበት ሃምሳ እርምጃ በማይርቅ ስፍራ ነበር። ነገ ጧት ክፍል ገብቼ ስማቸውን ስጠራ የአንዳቸውንም ዓይን ለማየት አልቻልሁም።

ያን ቀን ያፈርሁት በድህነት መስሎኝ ነበር። እያደር ሳስበው ግን ያፈርሁት በድሆቹ ነው። በድህነት ማፈር ደግ ነው፤ ሰውን ለሥራ ያስነሣዋል። በድሀ ማፈር ግን ኃጢአት ነው፤ ድሀውን ያስደብቃል እንጂ ድህነቱን አያስወግድም። በድህነት ያፈረ ሰው ጣራውን ይደፍናል፤ በድሀ ያፈረ ሰው ግን ባለ ጣራውን ያነሣል። ዛሬ በአራዳ የሚሠራውን ሥራ ሁሉ ለመመዘን ይህ አንድ ሚዛን የሚበቃ ይመስለኛል።

በዚህ ሚዛን አንድ ነገር እንመዝን። ከቀድሞ ተማሪዎቼ የአንዱ እናት በዶሮ ማነቂያ ከሃምሳ ዓመት በላይ ኖረዋል። እንጀራ እየጋገሩ ለፒያሳ ምግብ ቤቶች በማስረከብ ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት። ሠፈሩ ሲፈርስ በከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳቸውና በአራተኛው ፎቅ ገቡ። ልጠይቃቸው ሄድሁ። ቡና አፍልተው ሲያቀርቡልኝ «እማማ፣ አዲሱ ቤት እንዴት ነው?» አልኋቸው።

«ቤቱስ ቤት ነው ልጄ» አሉኝ። «ውሃው ከግድግዳ ይወርዳል፤ መጸዳጃውም የራሴ ነው፤ ቆሻሻ ነበር የኖርነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ሌሊት ብታመም የማንን በር ነው የማንኳኳው? እንጀራዬንስ ለማን ነው የማስረክበው? በሁለት ታክሲ ተሸክሜ ፒያሳ ልሂድ?»

ወዲያውም ስለ እድራቸው ነገሩኝ። እድሩ ብዙ ዘመን የቆየ ነበር። ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስት፣ ሳህንና ኩባያ ነበረው። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ነፊው በየመንደሩ ይለፍፋል፤ በግማሽ ቀን ውስጥ ድንኳኑ ተተክሎ፣ ንፍሮው ተቀቅሎ፣ ሐዘንተኛው ተከብቦ ይቀመጣል። ቀብር የቀረ ሰው ይቀጣል። አባላቱ እስላምም ክርስቲያንም፣ ጉራጌም አማራም ኦሮሞም ዶርዜም ነበሩ። ሠፈሩ ሲነሣ አንዱ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ሌላው ወደ ሌላ ስለ ተላከ ስብሰባ ማድረግ እንኳ አልተቻለም። ድንኳኑ ተሽጦ ገንዘቡ ለአባላቱ ተከፋፈለ። «የድንኳኔን ዋጋ በእጄ ሰጡኝ» አሉ ሴትዮዋ፤ «እኔ ግን ስሞት ገንዘቡ አያለቅስልኝ።»

እንግዲህ ለፈረሰው ግድግዳ ምትክ ተሰጥቷል። ለፈረሰው እድር ግን ምትክ የሚሰጥበት መዝገብ የለም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለው ተረታችን በካሣ ተመን ውስጥ አልገባም። ጎረቤት የሌለው ንጹሕ ቤት ለወጣት ሰው ምናልባት ዕረፍት ይሆናል፤ ለሰማንያ ዓመት አሮጊት ግን ግዞት ነው።

ምናልባት አንድ ሰው «ከተማ ሁልጊዜ ይለወጣል፤ ጐብኚም ገንዘብ ያመጣል፤ ለጥቂት ሰው ምቾት ሲባል አገር ይቁም እንዴ?» ይል ይሆናል። መልካም ጥያቄ ነው። እኔም በጥያቄ እመልሳለሁ፤ ጐብኚው የሚመጣው ምን ለማየት ነው? ሰፊ መንገድና የመስታወት ሕንፃ ለማየት ከሆነ ከዚህ የሚበልጥ በአገሩ አለው። የሚመጣው በአገሩ የሌለውን ለማየት ነው። በአገሩ የሌለው ደግሞ እኛው ነን፤ አኗኗራችን፣ ቡናችን፣ ሐዘናችንና ደስታችን። እኛን ከስፍራው አንሥተን ስፍራውን ብቻ ብናሳየው፣ ድግስ ጠርተን ባዶ ሰታቴ እንደምናቀርብ ሰው መሆናችን ነው።

ይህን ከሌሎች መማር ይቻላል። በኢጣልያ አገር ቬኒስ የምትባል በውሃ ላይ የተሠራች ጥንታዊት ከተማ አለች። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1951 በአሮጌው የከተማዋ ክፍል 175 ሺህ ያህል ሰው ይኖር ነበር፤ ዛሬ ከ50 ሺህ በታች ሆኗል። ሕንፃዎቿ እንደ ቆሙ ናቸው፤ ሰዋ ግን አለቀ። ዳቦ መሸጫው የጐብኚ ዕቃ መሸጫ ሆነ፤ መኖሪያው ማረፊያ ክፍል ሆነ። በ2024 ዓመት በተወሰኑ ቀናት ለቀን ጐብኚ 5 ዩሮ የመግቢያ ዋጋ ማስከፈል ጀመረች። ሰዎች የሚኖሩባት ከተማ እንደ ሙዚየም ቲኬት መቍረጥ ስትጀምር፣ ከተማነቷ በምን ደረጃ ላይ እንዳለ አንባቢ ይፍረድ።

ወደ አገራችን ስንመለስ ላሊበላ አለ። አብያተ ክርስቲያናቱ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1978 ከመጀመሪያዎቹ የዓለም ቅርሶች ጋር ተመዘገቡ። ከዚያ ወዲህ በቅጥሩ አጠገብ ይኖሩ የነበሩ ብዙ ቤተ ሰቦች ለቅርሱ ደኅንነት ሲባል ተነሥተው ወደ ሌላ ሠፈር ሄዱ። ክብ የሆኑት የድንጋይ ቤቶቻቸው ግን ለማየት ያምራሉ ተብለው ቀሩ። ጐብኚው ፎቶግራፍ ያነሣቸዋል፤ ጢስ ግን አይወጣባቸውም። ጢስ የማይወጣበት ቤት ሥዕል ነው እንጂ ቤት አይደለም።

በሐረር ጀጎል ደግሞ የተሻለ ነገር እናያለን። ጀጎል በ2006 በአውሮጳ አቆጣጠር የዓለም ቅርስ ሆነ፤ በግንቡ ውስጥ 82 መስጊዶች እንዳሉ ተመዝግቧል። የሚደነቀው ግን ቍጥሩ አይደለም። በግንቡ ውስጥ ሰው ይኖራል፤ ይገበያያል፤ ያገባል፤ ይቀበራል። እንደ እኛ እድር ያለ አፎቻ የሚባል ማኅበር አላቸው፤ ሐዘኑንና ሠርጉን በጋራ ይሸከማሉ። አንዳንድ ቤተ ሰቦችም በመደቡ ደረጃ ደረጃ የተሠራውን፣ ሰፌድና ሳህን በግድግዳው የተሰቀለበትን የአባቶቻቸውን ቤት ለእንግዳ ማደሪያ አድርገው ራሳቸው ያስተናግዳሉ። እንግዳው ሲመጣ ባለቤቱ እቤት አለ። ገንዘቡም ለባለቤቱ ይገባል። ሐረር ችግር የለባትም አልልም፤ ውሃው ይጠፋል፤ ወጣቱም ይሰደዳል። ይሁን እንጂ እንግዳንና ባለቤትን በአንድ ጣራ ሥር ማኖር እንደሚቻል አሳይታናለች።

በአራዳስ ባለቤቱ ተመልሶ ሊገባ ይችላል ወይ? ነገሩ በምኞት ብቻ የሚፈጸም አይደለም። በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ ቍጥር 721 መሠረት የከተማ ቦታ ዋነኛው ማግኛ መንገድ ጨረታ ነው፤ ጨረታውንም የሚያሸንፈው ብዙ የሚከፍለው ነው። በከተማው እምብርት ያለ ቦታ በጨረታ ሲሸጥ የሚገዛው ባንክ ወይም ትልቅ ሆቴል ነው። ባለ ሆቴሉ ያወጣውን ገንዘብ ለመመለስ ከምድር ቤቱ ላይ ውድ ኪራይ ይጠይቃል። ስለዚህ ሰዓት አዳሹ፣ ጫማ ሰፊው፣ አሮጌ መጽሐፍ ሻጩ፣ ሱፍ ልብስ የሚለካው ልብስ ሰፊ፣ እንጀራ አስረካቢዋ ሴት ማንም «አትግቡ» ሳይላቸው ከደጅ ይቀራሉ። ክፉ አሳብ ያለው ሰው አያስፈልግም፤ የዋጋው ሥራ ብቻ ይበቃል። እንዲህም በመሆኑ ክፋት ያለበት ሰው ተፈልጎ ሲታጣ፣ ሁላችንም ንጹሕ ነን ብለን እንተኛለን።

የቅርስ ወዳጆች ነን የምንለውንም ሳልወቅስ አላልፍም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቍጥር 209 በ1992 ዓ.ም. ሲወጣ ቅርስን ግዙፍነት ያለውና ግዙፍነት የሌለው ብሎ ለሁለት ከፍሎ ነበር። እኛ ግን ስንጮህ የኖርነው ለግዙፉ ብቻ ነው። የአርመኑ ነጋዴ ሰገነት ሲፈርስ ጋዜጣ ላይ እንጽፋለን፤ በሰገነቱ ሥር ሃምሳ ዓመት የኖረችው ሴት ስትነሣ ግን ስሟን የጠየቀ የለም። እኔም ራሴ ተማሪዎቼን በየዓመቱ በሰልፍ እየመራሁ ድንቅነሽን ለማየት ወደ ሙዚየሙ ወሰድኋቸው። ሦስት ሚሊዮን ዓመት ያለፈው አጥንት ምን እንደሚነግረን አስረዳኋቸው። በጎረቤታቸው ያሉትን ሽማግሌዎች ግን «ዶሮ ማነቂያ ለምን ዶሮ ማነቂያ ተባለ? ሰባራ ባቡር፣ እሪ በከንቱ፣ ውቤ በረሃ ስማቸው ከየት መጣ? አያትዎ ወደዚህ ሲመጡ ምን ይሠሩ ነበር?» ብለው ጠይቀው እንዲጽፉ አንድ ቀን አላዘዝኋቸውም። ዛሬ ሽማግሌዎቹ በየአቅጣጫው ተበትነዋል፤ የሞቱትም ሞተዋል። ይህ ዕዳ የመንግሥት አይደለም፤ የእኔ ነው።

በመጽሐፍ ቅዱስ የናቡቴ ታሪክ አለ። ንጉሡ አክዓብ ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ ያለውን የናቡቴን የወይን ቦታ ለአትክልት ፈለገው። ይህን ታሪክ የምናስታውሰው ናቡቴ በግፍ በመገደሉ ነው፤ እኔም ባለሥልጣኖቻችንን ከአክዓብ ጋር ለማስተካከል አላነሣሁትም። የማስታውሰው የታሪኩን መጀመሪያ ነው። አክዓብ መጀመሪያ ያቀረበው አሳብ ለጆሮ መልካም ነበር፤ ከዚህ የሚሻል ቦታ ልስጥህ፣ ወይም ዋጋውን በገንዘብ ልክፈልህ አለው። ናቡቴ ግን የአባቶቹ ርስት ስለ ሆነ በተሻለ ቦታም ሆነ በገንዘብ የሚለወጥ አልሆነለትም። እንግዲህ ምትክና ካሣ መክፈል ፍርድን ሁሉ የሚፈጽም አይደለም፤ ሰውን መጠየቅና «እምቢ» ወይም «እንዲህ ይሁንልኝ» ሲል መስማትም የፍርድ ክፍል ነው። የቀበሌ ቤት ተከራይ እንደ ናቡቴ ርስት የለውም። ያለው የኖረበት ዘመን ብቻ ነው። ርስት የሌለው ሰው የኖረበት ዘመን ከቍጥር ካልገባለት ሌላ ምን ይቈጠርለታል?

ወቅሶ መፍትሔ አለመናገር የሰነፍ ሥራ ስለ ሆነ የሚመስለኝን ልናገር።

አንደኛ፣ ሠፈር መነሣት ካለበት እንደ ሠፈር ይነሣ። ከእድሩ፣ ከማኅበሩና ከዕቁቡ ጋር አንድ ላይ ይስፈር። በኋላ ከካዛንቺስ የተነሡት ብዙዎቹ በገላን ጉራ በአንድነት መስፈራቸው ከፒያሳው ትምህርት የተወሰደ ከሆነ ደስ ያሰኛል፤ መንገዱም ይህ ነው።

ሁለተኛ፣ በታደሰው ስፍራ ከሚሠሩት ሕንፃዎች ምድር ቤት ጥቂቱ በተወሰነ ኪራይ ለቀድሞዎቹ የእጅ ሥራ ሰዎችና ለትንንሽ ነጋዴዎች ይመደብ። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ ጐብኚው የሚመጣበትን ምክንያት መጠበቅ ነው።

ሦስተኛ፣ ገና ያልፈረሱት አሮጌ ቤቶች በውስጣቸው ላሉት ሰዎች ረዘም ላለ ዘመን ዋስትና ተሰጥቷቸው፣ በእነርሱ እጅና በመንግሥት ርዳታ ይታደሱ። ሰው ነገ ለሚያስወጡት ቤት ምስማር አይመታም።

አራተኛው ለእኛ ለአንባቢዎች ነው። በየቤታችሁ ከአራዳ የተነሣ ሽማግሌ ካለ ዛሬ ማታ ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ ከአጠገቡ ተቀመጡ። የጎረቤቶቹን ስም፣ የሱቆቹን ተራ፣ የየመንደሩን ስም ምክንያት ጻፉ። ከፈረሰ ሠፈር የተነሣ ዘመድ ካላችሁም ቅዳሜ ቅዳሜ ሂዱና ቡናውን አብራችሁት ጠጡ። ትልቅ በጀት የማያስፈልገው ሥራ ይህ ነው።

ባለፈው ሳምንት እንደ ልማዴ እስከ ጊዮርጊስ ወርጄ ስመለስ አንድ የውጭ አገር ወጣት ሰው በሚያምረው አዲሱ መንገድ ላይ ቆሞ ስልኩን እያየ ግራ ሲገባው አገኘሁት። ጥሩ ባህላዊ ቡና የሚጠጣበት ቤት ፈልጎ ነበር። ዱሮ ቢሆን በእጁ ይዤ በመተላለፊያዋ አስገብቼ፣ እማማ ዘንድ ከረከቦቱ አጠገብ አስቀምጠው ነበር። አሁን ግን ማሳየት የቻልሁት የሆቴሉን በር ብቻ ነው። አመስግኖኝ ሄደ። እኔም ያን የሽማግሌ መምህሬን ጥያቄ አስታወስሁ። ዛሬ ተመልሰው መጥተው «ተማሪዎችህ የሚኖሩት የት ነው?» ቢሉኝ፣ እጄን ወደ ሩቅ ዘርግቼ «ወደዚያ ነው» ብል ሐሰት አይሆንብኝም። ያን ጊዜ የዋሸሁት ውሸት ዛሬ እውነት ሆነ።

እግዚአብሔር ከተማችንን ያሳምርልን። ስታምር ግን እኛኑ ይዛ ትመር። እንግዳ መጥቶ «ቤት ለእንግዳ» ሲል ከውስጥ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ የሚመልስ ሰው አይጥፋባት።